ውሃችንን ዝም ላሰኙልን ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማ ውበትና ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ የአምስት ወር ሥራ በአንድ ጠዋት የሚያነሳ ሰው ወገቡን መጠበቅ አለበትና።

እኔ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ “ባለቤት አልባ ደረቅ ቆሻሻ” ተብሎ የተነሳው ነገር ባለቤት ነኝ፤ የሥዕል መምህርት። ቆሻሻው የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ግን በትሕትና ላስረዳ። ታላቅ ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሮ የስኳር በሽታ ዓይኑን ነሳው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ሆነ። አንድ ቀን የወጥ ቤታችን ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰምቶ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ጎማው እንዳለቀ ነገረኝ። “ውሃ እኮ ለሚያዳምጠው ሁሉን ይናገራል” አለኝ። ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው።

የተከመረውን ፌስታልና ጠርሙስ ለቅመን አወጣን። ቀርከሃ ሰንጥቀን አሸንዳ አበጀን፤ ሸምበቆ ጎንጉነን ከለላ ሠራን፤ ከሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን ጋር ሃያ ስድስት ጎድጓዳ ሳህን አበጅተን አንዱን ካንዱ ዝቅ አድርገን ደረደርን። በአሸንዳው የመጣው የወንዙ ውሃ ከሳህን ወደ ሳህን ሲወርድ እያንዳንዱ የየራሱ ድምፅ ነበረው። ተዳፋቱን በመዳፉ እየዳሰሰ የለካው ወንድሜ ጋሼ ነው። ሚስማር አልገባበትም፣ ሲሚንቶም። ከሰዓት ከሰዓት እዚያ መቀመጥ ያዘ፤ ካላፊ አግዳሚው ጋር መጨዋወት፣ መሳቅም ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1ኛ. ፈቃድ እንድጠይቅ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዎ ትሑት ናት፤ ሁልጊዜ “ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ብቅ በይ” ትለኛለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይባላል፤ እኛ ግን ከእንቦጩም ዜማ አውጥተንለት ነበር።

2ኛ. ስለ ቅልጥፍናዎ። ለእኔ ሰባት ጊዜ ያልተከፈተው ቢሮ የላከው ሎደር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሽራፊ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ ከተፍ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼን ምርኩዙን ይዞ መንገዱ መሀል ቆሞ አገኘሁት። “ዛሬ ውሃው ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?” አለኝ። እጁን ይዤ መለስኩት። ደረጃው ላይ መፍረሱን ነገርኩት። “እሺ” አለ። ከዚያ ወዲህ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ምሳ ቀርቧል ስለው እሺ ይላል፤ ወጣ እንበል ስለውም እሺ ይላል፤ ግን አይነሳም።

3ኛ. ፈቃዱ ደርሶኛል። ሥራው በፈረሰ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከነማኅተሙ። “ከቦታው እንዳይነቃነቅ ጥንቃቄ ይደረግ” የሚለውን አንቀጽ በተለይ ወድጄዋለሁ።

ተቆጥታለች ብለው እንዳይሰጉ። ቁጣ ቢመጣልኝ ደስ ባለኝ፤ አልመጣም። ፈቃዱን አነበብኩ፣ ልብስ አጣጠፍኩ፣ የተማሪዎቼን ፈተና አረምኩ። ጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ከንፈር ሆኛለሁ፤ ነክሼ ባደማው እንኳ አይሰማኝም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ብቅ ብለው ወንድሜ አጠገብ ይቀመጡና ለምን እንደፈረሰ ራስዎ ያስረዱት። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መዝገብ ቤትዎ ይህን ደብዳቤ ከመሳቢያ እስኪያወጣው ድረስ አምላክ በሕይወት እንዲያቆይዎ እመኛለሁ፤ እጅግ ረጅም ዕድሜ መመኘቴ ነው።

ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
የቆሻሻው ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሎደሩ ሹፌር በእረፍት ቀኑ ቤታችን መጥቶ ነበር። ያን ጠዋት አራት ሳህኖች አስቀድሞ አንስቶ፣ በጃኬቱ ጠቅልሎ፣ ጋቢናው ውስጥ አኑሯቸው ኖሯል። ጋሼ ፊት ቆሞ “ይቅር በሉኝ አባባ፣ ታዝዤ ነው” አለ። ጋሼም በእጁ እየዳበሰ ወንበር ሳበለት። ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘነው ምላሽ ይህ ብቻ በመሆኑ፣ ማኅተም ባይኖረውም ተቀብለነዋል። ስሙን ለማጣራት እንዳይደክሙ፤ እርስዎ ይጠይቁኛል ብዬ ስለፈራሁ እኔም አልጠየቅሁትም።