ዓይን ያላቸው ብሎኖች

ኅዳር 8 ቀን 2003

አዲሱ የቡና መፈልፈያ ዛሬ ተተከለ። አጋሮ በሙሉ ሊያየው መጣ ማለት ይቻላል። ሐጂ ቲጃኒ በር ላይ ቆመው ለገባው ሁሉ «የኛ ማሽን» ይላሉ። የተከልኩት እኔ፣ ወገቤ የተቆረጠው እኔ... ይሁን፣ ንብረቱ የሳቸው ነው።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። የማሽኑን እግሮች ከፍ ካለው የብረት መድረክ ጋር የሚያስሩት ስምንት ብሎኖች ዓይን አላቸው። እውነተኛ ዓይን! ወደ ታች በዞረው አናታቸው ላይ ምስር የምታክል መስታወት አለች። ብሎኑ ሲላላ ቀይ፣ በልኩ ሲጠብቅ ጥቁር ትሆናለች። ለማን ነው ይሄ? ሃያ ዓመት ሙሉ «ጠብቋል» ካልኩ ጠብቋል። «ለይኩን ክንዱ» የሚሉኝ በከንቱ ነው?

ማሽኑን የሚያስነሳው ሱፊያን ሳቀብኝ። «ዋላሂ ለይኩን፣ ካሁን በኋላ ብሎኑ ራሱ ይናገራል። አንተ ጡረታህን ጠይቅ።»

አብሬው ሳቅኩ። ከልቤ አይደለም።

ኅዳር 13

አዋረዱኝ።

አዲስ ማሽን መጀመሪያ ላይ ብሎኑን ያላላል፤ ያለ ነው። ድሮ ቢሆን ማንም ሳያይ አጠብቅና ዝም እል ነበር። ዛሬ የለቃሚዎቹ አለቃ ወርቂቱ ከመድረኩ ሥር ተቀምጣ ቡናዋን ስትለቅም ቀና አለች። «ያ ለይኩን! ሦስተኛው ቀልቷል!»

ሴቶቹ በሙሉ ቀና አሉ። «ኧረ አምስተኛውም!» አለች ሌላዋ። እኔ መፍቻዬን ይዤ መሰላል ላይ... ከታች ያ ሁሉ ዓይን፣ ከላይ የብሎኑ ዓይን።

ሐጂም ሰሙ። «ምነው ለይኩን፣ ደከመህ እንዴ?»

መድከም! እኔ!

ኅዳር 14

መላ አገኘሁ።

ነጋዴ ሰፍሮ ሲጨርስ ከላዩ እፍኝ ምርቃት ይጨምር የለ? እኔም ለብሎን ምርቃት እሰጣለሁ። ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ገብረሥላሴ «ያለ ምርቃት የወጣ ብሎን እንደተቀየመ ነው» ይሉ ነበር። ከማሽኑ ጋር የመጣው ወረቀት ግን «ሲጠቁር አቁም» ይላል። ፈረንጅ ምርቃት የት ያውቃል?

ስምንቱንም መረቅኳቸው። ባሰብኝና የመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት። እግሬ ከመሰላሉ ተነሳ። ሱፊያን አየኝ። «ብሎን ነው ወይስ ዥዋዥዌ?» አለኝ። ይሳቅ። ሁሉም ከሰል መስለዋል። እስቲ አሁን ይጩሁብኝ!

ኅዳር 26

ለእሑድ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ቤቴ ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም የቀላ የለም። ሐጂ «ማሻአላህ፣ ክንዱ ተመለሰ» አሉኝ፣ ያውም ሰው ፊት። ለሚስቴ ለሸዋረገጥ ሦስቴ ነገርኳት። ሦስተኛው ላይ የማር ጠርሙሱን አቀበለችኝ። እኔ ዘግቼው ሄጄ ሳምንቱን ሙሉ መክፈት አቅቷታል። ጎረቤትም ሞክሮት ነበር አሉ።

«አንተ ሰው፣ ክዳን ነው እኮ፤ እስረኛ አይደለም» አለችኝ።

ለሚስት ስለ ሙያ ምን ይነገራል...

ታኅሣሥ 6

ወርቂቱ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። መድረኩ ይንቀጠቀጣል ትላለች። «ሰፌዴ ላይ ያለው ቡና ብቻውን ይሄዳል። ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?»

ወደ ላይ ጠቆምኳት። «ዓይን የለሽም? ጥቁር ነው!»

እስከ ትናንት የምጠላትን መስታወት ዛሬ ምስክር አድርጌ ጠራኋት። ግን ምን ልዋሽ... እኔም ከላይ ቷ ቷ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ሰምቼ ቀና ብዬ አየሁ። ጥቁር። ዝም አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ መሆኑ ነው?

ታኅሣሥ 7

ከየት ልጀምር?

ለምሳ ማሽኑ ሲቆም መሰላሉን ወጣሁ። ያ ድምፅ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ሦስተኛውን ብሎን በጣቴ ነካ አደረግኩት። ዞረ። በሁለት ጣት! ዓይኑን አየሁ... ጥቁር። ቀጣዩንም ነካሁ። እሱም ዞረ። እሱም ጥቁር። ወደ ታች አየሁ። የወርቂቱ ሰፌድ፣ የለቃሚዋ የዙቤይዳ ነጠላ ጫማ፣ የተዘረጋው ምንጣፍ። ያ ሁሉ ብረት የሚወርደው እዚያ ላይ ነው።

ማሽኑን ላመጡት ሰዎች ደወልኩ። ፍሬዘር የሚባል ልጅ አነሳው።

«ጋሼ፣ ብሎን ሲጠብቅ በትንሹ ይለጠጣል። መስታወቷ የምታየው መለጠጡን ነው። ከልኩ በላይ ካጠበቁት ተለጥጦ ይቀራል፤ አይመለስም። ከዚያ ቢላላም ጥቁር ነው የምትለው። ትርፍ ዙር ሰጥተውታል እንዴ?»

መርቄዋለሁ ልበለው?

እውነት ለመናገር የተፈጠረን ብሎን ውሸት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ሰይጣን መጣ። አሁን ባጠብቃቸው ማን ያውቃል? ያው ጥቁር ናቸው። ነገ አይተን... ይህን ሳስብ ወርቂቱ ከምሳ ተመለሰች። ሰፌዷን አንስታ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

«አትቀመጪ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምርቃቱንም፣ ቧንቧውንም። ሱፊያን እንኳ አልሳቀም። የአዲስ አበባው መኪና ጭነት ሊወስድ በር ላይ ቆሟል። ሐጂ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«መኪናው ይመለስ። አዲስ ብሎን እስኪመጣ ማሽኑ አይነሳም» አሉ። ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉና «ዙቤይዳ የእህቴ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ?» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 8

ከመጠምጠም መማር ይቅደም... አባቴ ስንቴ ብሎኛል። ፈርቻለሁ። ዛሬ መፍቻዬን ከሳጥኑ አላወጣሁም። ለይኩን ክንዱ!

ታኅሣሥ 14

አዲሶቹ ብሎኖች ትናንት ገቡ። ዛሬ ጠዋት አሰርኳቸው። ሲጠቁር አቆምኩ። እጄ ሩብ ዙሩን ለመነኝ፤ ሱስ ነው እኮ። መፍቻውን ለሱፊያን ወርውሬ ወረድኩ።

ሐጂ «ሴቶቹ ይግቡ» አሉ። ወርቂቱ በር ላይ ቆመች። «ሂን ታኡ!» አለች። አልቀመጥም ማለቷ ነው። ሌሎቹም ከኋላዋ ቆሙ።

«ጠብቋል እኮ ወርቂቱ» አልኩ። እንዲህ ስል ለራሴም አፈርኩ።

«ያኔም ጠብቋል ብለህ ነበር። መጀመሪያ አንተ ተቀመጥ።»

ሐጂን አየሁ። ጢማቸውን እያሻሹ ወደ ሌላ ያያሉ። ገባሁና ምንጣፏ ላይ ተቀመጥኩ። ሰፌዷን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ሱፊያን ማሽኑን አስነሳ። በላዬ ያ ሁሉ ብረት መጮህ ጀመረ። አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ እዚህ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ እንዲህ ተቀምጠዋል? እኔ ደግሞ «ዓይን የለሽም» ስል...

እስከ ምሳ ለቀምኩ። ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው መለየት እንዲህ ዓይን የሚያፈርጥ ሥራ ነው ብሎ ማን ነገረኝ? ሴቶቹ በር ላይ ሆነው ሳቁብኝ። ዙቤይዳ «ጋሼ ለይኩን፣ ገለባውን እየለቀሙ ቡናውን አይጣሉ እንጂ!» ትላለች። ሰፌዱ ላይ ያለው ቡና ግን ካስቀመጥኩበት አልተንቀሳቀሰም።

ከምሳ በኋላ ወርቂቱ ገባች። ቆማ ስምንቱንም ብሎኖች አንድ በአንድ አየች። መሰላሉን ወጥታ ሦስተኛውን በጣቷ ሞከረችው፤ ማንም ያስተማራት የለም። ከዚያ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠችና ሰፌዱን ከጭኔ ወሰደች።

ጠዋት ሙሉ የለቀምኩትን ገልብጣ እንደገና መልቀም ጀመረች።