የተገለበጠው የቻይና ፊልምህና ተቺዎቹ

ይማምዬ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ያለህበትን አላህ ያውቀዋል፤ የእኔ ድርሻ ዱዓ ነው። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ቀደም ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ የሚጻፍ ደህና ነገር አጣሁ። አሁን ግን የማያውቁህ ሰዎች ስለ አንተ ብዙ እየጻፉ ስለሆነ፣ የማውቅህ እኔ ዝም ማለቴ ደግ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቪዲዮ ቤትህ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ቴሌቪዥኑንና ማጫወቻዎቹን ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ የገባ ጊዜ ወሰዷቸው። መንገዱም መድኃኒት ቤቱም ተዘግቶ የስኳር መርፌህ አልቆ፣ አንተን ቀብረን ስንመለስ አግዳሚዎቹም አልነበሩም። ካሴቶቹ አስፋልቱ ላይ ተበትነው፣ ጥቁሩ ክራቸው ተመዝዞ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ ሁሉ አንድ ካሴት ብቻ ተረፈ፤ እሱም ሐይቅ ስላልነበረ ነው። የውጫሌው ሰዒድ፣ ሰው ፊት አፉ የሚተሳሰረው፣ ለራሱ ቪዲዮ ቤት እንዳንተ ማይክራፎን ይዞ ፊልም በአማርኛ መተርጎም ስላቃተው የበራሪዋን ሴት ፊልም ከነድምፅህ ቅዳልኝ ብሎህ አልነበር? ያንን እህል ጎተራ ውስጥ ቀብሮ አተረፈው። ዘንድሮ ወደ ስልክ አስገለበጠና ሪያድ ላለችው ልጃችን ለሐዋ ላከላት። ድምፅህ ከዚያ ሌላ የትም የለም።

ሐዋ ሰምታ አለቀሰች። ከዚያ የአባቴን ድምፅ ሰው ሁሉ ይስማልኝ ብላ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የፊልሙን ነገር ከማንም በላይ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ማውራቱ ደስ ስለሚለኝ ልድገመው። ፊልሙ ከባቲ ገበያ የመጣው በሁለት ካሴት ነበር። ላያቸው ላይ ያለው የቻይና ጽሕፈት ነው፤ የትኛው መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ እንደሆነ የሚያነብ ከሐይቅ እስከ ደሴ አልነበረም። አንተ ሁለተኛውን አስቀደምከው። ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርሰው ሽማግሌ፣ የልጅቱ የሰይፍ አስተማሪ፣ ገና ሰዉ ተደላድሎ ሳይቀመጥ ተወግቶ ሞተ። ልጅቱም ቀሚሷ ሳይርስ ውሃ ላይ እየሮጠች ገዳዮቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ቀጥሎ ሌላውን ካሴት ስትከት ሽማግሌው ጢሙን እያበጠረ ብቅ አለ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከአርዲቦ በኩል የመጣ አንዱ ተነስቶ፣ «ኧረ ይማም! ይሄን ሰውዬ አሁን አልቀበርነውም ወይ?» አለህ። አንተ ማይክራፎኑን ከአፍህ ሳታወርድ፣ «አብሽሩ ጀማዓ፣ ይሄ ጅዳ የነበረው መንትያ ወንድሙ ነው፤ ለለቅሶ መጥቶ ነው» አልክ። ከመጋረጃው ኋላ ሻይ ስቀዳ በሳቅ ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ።

በሳምንቱ ተራውን ደርሰህበት አስተካክለህ ብታሳያቸው ደግሞ ተቆጡ። «ወደ ድሮው መልስልን! ሽማግሌውን ገድለን ቤታችን አንገባም» አሉህ። መለስክላቸው። ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ውስጥ ያ ፊልም የሚያልቀው ሽማግሌውና ልጅቱ በአንድ ሳህን ሩዝ ሲበሉ ነበር። ለሰዒድም ሁለቱን ባንድ ካሴት የቀዳህለት እንደዚያው፣ ከነመንትያ ወንድሙ ነው።

እንግዲህ አሁን የተመልካች አስተያየት የሚሉትን ስማ።

አንዱ ጥቁር መነጽር አድርጎ ፎቶ ተነስቷል። «ወገኖቼ እንዳትሸወዱ፣ የሚበሩት በሽቦ ታስረው ነው» ይላል። እሱ ብቻ ነው የደረሰበት! እድሜውን ሙሉ የዓሣ መረብ ሲቋጥርና ሲፈታ የኖረ የሐይቅ ሰው ሽቦ መለየት ያቃተው መስሎታል። አውቀን ነው ያየነው፤ አውቀንም ነው ያጨበጨብነው። ከሱ በፊት አንድም ሰው ተነስቶ ሽቦ ነው ያላለው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን ጨዋ ሆኖ ነው።

ሌላው የፊልም ባለሙያ ነኝ ባይ ነው። ረጅም ጽፏል። የምሥራቁ ዓለም ጥልቅ ፍልስፍና ተደፍጥጧል፣ ሽማግሌው ስለ ባዶነት የሚናገረውን ይህ መሃይም «ልጄ፣ ዝናቡ ሳያልፈን እርሻችንን እንረስ» አድርጎታል፣ ታሪኩንም ከጭራው ወደ ራሱ ገልብጦታል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ፊደል የለየሁት ሱቅ ውስጥ ስኳር በምጠቀልልበት ጋዜጣ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ግማሹ የተቀደደ ወረቀት እንኳ አንድ ነገር ይነግረኝ ነበር። የዚህ ሰውዬ ጽሑፍ ግን ምንም የተቀደደ ነገር ሳይኖረው ምንም አልነገረኝም። ስለ ባዶነት የሚያውቅ እንደሆነስ አይካድም።

ከሁሉ የባሰውን ልንገርህ? አንዱ መጣና፣ «ተራኪው ብሔሩ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ «አነጋገሩ የወሎ ነው» አለው። ሦስተኛው፣ «ወሎ የማን ነው?» አለ። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ። ልጅቱ ውሃ ላይ እየሮጠች፣ ሽማግሌው እየሞተና እየተነሳ፣ እነሱ እናት ለእናት ይሰዳደባሉ፤ ዛሬ ጠዋትም አላቆሙም። ለውጥ መጣ ተብሎ የሁሉም አፍ የተፈታ ሰሞን፣ «ተያቸው፣ ሰው የልቡን መናገሩ ደግ ነው» ብለኸኝ ነበር። ይኸው ተናገሩ። ያ አፍ አገሩን ካነደደ በኋላ ሥራ ፈትቶ ያንተን ፊልም ይገመግማል።

የሚያመሰግኑህም አሉ፤ እነሱን ደግሞ ከተሳዳቢዎቹ ለይቼ አላያቸውም። አንዱ «የልጅነቴ ብርሃን፣ መቼም የማልረሳህ» ብሎ የሚያለቅስ ፊት ደርድሮበታል። አወቅሁት። ታመህ ደጅ ፀሐይ ላይ ሳስቀምጥህ አንገቱን ወደ ማዶ አዙሮ የሚያልፈው ነው። በስልክ ማልቀስ ምን ያደክማል፣ ጉልበት አይፈልግ፣ ደጅ አያስረግጥ።

ይህን ሁሉ ስቄ ልተወው እችል ነበር፤ ሳቄን ያቆመው ባለሙያው ነው። ለሐዋ ለብቻዋ ጻፈላት። ፊልሙን ስጪኝና ተራውን አስተካክላለሁ፣ ያንን ድምፅ አውጥቼ ትክክለኛውን ትርጉም ከሥር በጽሑፍ አደርግበታለሁ፣ ለአባትሽም ስም የሚሻለው ይኸው ነው አላት። ያንን ድምፅ አውጥቼ! ቆሻሻ የሚጠርግ ነው የሚመስለው። ሐዋ ደግሞ የሰው ቤት ልብስ እየተኮሰች ስድቡን ስታነብ ትውላለች። ደወለችልኝ። «እማ፣ አባቴን ሲሰድቡት ማየት ከበደኝ። ላጥፋው ወይስ ለሰውዬው ልስጠው?» አለችኝ። አየህ፣ የእኛኑ ልጅ በአንተ አሳፈሯት።

መልሼ እደውልልሻለሁ አልኳት። ስልኬን ይዤ ወደ ድሮው ቪዲዮ ቤታችን ሄድኩ። የሞባይል ጠጋኙ ከደሴ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ አንተን አያውቅህም። ፊልሙን አስከፍቼው ጥግ ላይ ተቀመጥኩና አብረን ሰማንህ። መጀመሪያ እሱ በአንድ ጆሮው ነበር የሚሰማው፤ ቆይቶ የፈታውን ስልክ እንደተበተነ ትቶ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ሽማግሌው ብቅ ሲል፣ «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ቅድም ሞቶ አልነበር?» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አንተ መለስክለት። ሰውየው ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። ሁለት ደንበኞች በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እነሱም ሳቁ። አንዳቸውም ብሔርህን አልጠየቁኝም።

እዚያው ሆኜ ለሐዋ ደወልኩ። አታጠፊውም፣ አትሰጪውምም አልኳት። የአባትሽ ድምፅ ከፊልሙ ከወጣ የሚቀረው የቻይኖቹ ነው፤ እኛ ቻይና ውስጥ ዘመድ የለንም አልኳት። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት።

ከዚያ ጠጋኙ እንዴት እንደሚጻፍ አሳየኝና በዕድሜዬ የመጀመሪያውን አስተያየት ሰጠሁ። እንዲህ አልኩ፦ «ተራኪው ባለቤቴ ነበር። ቻይንኛ አያውቅም፤ እኛም አናውቅም። የተረጎመው ለእኛ ነው። እናንተን የጠራችሁ የለም።» ባለመነጽሩ ወዲያው፣ «እማማ ይረጋጉ» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ተረጋግቼ ነው የጻፍኩት። ለሱ የሚሆን ሌላ ቃል አላወጣም።

ይማምዬ፣ እነሱ ነገ ሌላ የሚዘልፉት ያገኙና ይረሱሃል፤ ይርሱህ። ያመሰገኑህም ይረሱሃል፤ እነሱም ይሂዱ። እኔ እያለሁ አንድ ቃልህን ማንም አያወጣብህም፣ አንድ ቃልም አያስተካክልልህም። ሐዋ ስትመጣ አጠገቤ አስቀምጬ እስክትጠግብ አሰማታለሁ። የቀረውን አላህ ሲያገናኘን ራስህ ታጫውተኛለህ።

ያንተው
ፋጡማ