ከጎመኑ መደብ ዳር ያለው ጣውላ

እትዬ፣

ሥራ ረፍዶብኛል። ባይረፍድብኝም ፊትዎን ለማየት ስላፈርኩ በወረቀት ብነግርዎ ይሻላል።

ጎመኑን የሚበሉት፣ እነዚያ ዛጎል የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች፣ ቀን ቀን የት እንደሚደበቁ ዛሬ ጠዋት አገኘሁት። ወንድምዎ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲኮተኩት ይንበረከክበት ከነበረው ጣውላ ሥር ነው። ሳነሳው ቤተ ዘመድ ይመስል ተደላድለው ተኝተዋል።

ትናንት በጎረቤታችን ፊት "ማታ ማታ ውሃ እያጠጡ የጠሯቸው እርስዎ ነዎት" አልኩ። እርስዎ "እስቲ ያንን እንጨት እናንሳው" ሲሉኝ ደግሞ "የእሱን ነገር ለማንሳት ምን አስቸኮለዎት?" ብዬ መለስኩ። ጎረቤታችን እንኳ አንገቷን ደፋች። እርስዎ እራትዎን ይዘው ክፍልዎ ገቡ። እኔም በር ማንኳኳት አቃተኝ።

ባልዲው ውስጥ የሳሙና ውሃ አለ፤ የለቀምኳቸውን እዚያ ጨምሬአለሁ። ጨው አይነስንሱባቸው፣ አፈሩን ያበላሻል። ጓንቴ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።

ጣውላውን ልጥለው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሲነጋ ተመልሰው ስለሚገቡበት ወጥመድ ይሆነናል ብዬ ቦታው መለስኩት። ሰበብ እንደሆነ እርስዎ አያጡትም።

ከእንግዲህ ጣውላው ጠዋት ጠዋት መነሳት አለበት። ነገ እኔን ሳይጠብቁ እርስዎ ያንሱት።

ባሌ ከመሆኑ በፊት ወንድምዎ ነበር።