ሃያ ሦስት ቀሚስ

ጁላይ 29

ዛሬም አንድ መስመር አልወጣኝም። አይ፣ አንድ እንኳ ወጥቶኛል... «ዓይኖቹ እንደ ክረምት ውሃ ቀዝቃዛ ነበሩ።» ሰረዝኩት። ስልሳ ሦስት የፍቅር ልቦለድ ጽፌ በስልሳ ሦስቱም የሰውየው ዓይን ቀዝቃዛ ነው። ሞቅ ያለ ዓይን ያለው ወንድ አላጋጠመኝም ማለት ነው?

ፋንግ ከታይፔ ደወለች። አርታኢዬ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስታወራ እንኳ ባቡር እንዳመለጠው ሰው ነው።

«ሺያ እህቴ፣ ስልሳ አራተኛው የት ደረሰ?»

«እየሄደ ነው።»

«ባለፈው ወርም እየሄደ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ! ኦገስት ሠላሳ አንድ፣ እሺ? ሀብታም ይሁን፣ ኩሩ ይሁን፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ይሳማት። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ዝናብ ላይ ቆሞ ይሳማት። ስንተኛ ዝናቤ ነው? ደከመኝ።

ጁላይ 31

በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ገባ። ሙታን ወደ ሕያዋን የሚወጡበት በር ተከፈተ፤ እማዬም ከጠዋት ጀምራ ሕግ ማውጣት ያዘች። ከጨለመ በኋላ ልብስ አታስጪ። ከኋላሽ ቢጠሩሽ አትዙሪ። አታፏጪ።

«አፏጭቼ አላውቅም» አልኳት።

«እንዳትጀምሪ ነው የምልሽ።»

ከዚያ ደግሞ፣ «ለአሥራ አምስተኛው ቀን የልብስ ወረቀት መግዛት እንዳትረሺ። አምና ያመጣሽው ሱሪ ብቻ ነበር። ደጎቹ ወንድሞች ውስጥ ሴት የለችም እንዴ?»

ሙታን አትልም። ደጎቹ ወንድሞች ነው የምትላቸው፣ እንዳይቀየሟት። የልብስ ወረቀት የምትለው ሸሚዝ፣ ጫማ፣ ማበጠሪያ የታተመበት ስስ ወረቀት ነው፤ ጠያቂ ዘመድ ለሌላቸው ሙታን እናቃጥልላቸዋለን፣ እነሱ ይለብሱታል። እሺ እገዛለሁ አልኳት።

ኦገስት 4

በሬን ቆልፌ የብስኩት ቆርቆሮዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ማንም የማያውቀው ሥራዬ ይኸው ነው... አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ወለል ላይ ተንበርክኬ የወረቀት ሴቶች አለብሳለሁ። እያንዳንዱን መጽሐፍ የጀመርኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀሚሷን እመርጥላታለሁ፤ ቀጥሎ የት እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምታገኝ ራሱ ይመጣል። በአንድ እጄ ያልተቀቀለ ፓስታዬን ከነፌስታሉ ሰባብሬ፣ አብሮት የታሸገውን ቅመም ነስንሼ እቆረጥማለሁ። እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ! እማዬ ብታየኝ ሐኪም ትጠራለች።

ልጅ ሆኜ እማዬ ቤት ተቀምጣ ለፋብሪካ የአሻንጉሊት ቀሚስ ትሰፋ ነበር። መርከብ ተሳፍረው ውጭ አገር ለሚሄዱ አሻንጉሊቶች። አሻንጉሊቶቹ ራሳቸው ቤታችን መጥተው አያውቁም፤ የሚመጣው ጨርቁ፣ የሚሄደው ቀሚሱ ብቻ። ጥቅሉ ከመወሰዱ በፊት እያንዳንዱን በወረቀት ላይ እስለውና ቀለም እቀባው ነበር። ሴቶቹን ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ቆረጥኳቸው።

ዛሬ አንዷን አረንጓዴዋን ቀሚስ አለበስኳት። የትም አልሄደችም።

ቆርቆሮው ውስጥ ሥሩ ላይ የተነጠፈውን ካርቶን አላነሳሁትም። አላነሳውም።

ኦገስት 12

ትናንት አውሎ ነፋሱ አልፎብን ሄደ። ጣሪያው በቁም ሳጥኑ በኩል አፈሰሰ። ቆርቆሮው ውስጥ ውሃ ገብቷል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለያየሁ፤ ካርቶኑ ስለራሰ ማንሳት ግድ ሆነ።

እዚያው አለች። አውራ ጣቴን የምታህል ቀይ ቀሚስ፣ ከነነጭ አንገትጌዋ።

እሺ፣ ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እማዬና አክስቴ ጂንጁ፣ ከቅያሱ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ አንድ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ይሰፉ ነበር። እኔና ልጇ ዩሜይ እግራቸው ሥር እንጫወታለን። ከእማዬ ጥቅል አንዷን ቀይ ሰረቅሁ። አንዷን ብቻ... እውነተኛ ጨርቅ ነበራ። በማግስቱ ሥራ አከፋፋይዋ ቆጠረች። ሃያ አራት መሆን ያለበት ሃያ ሦስት። እማዬን በሰፈር ፊት ሌባ አለቻት። ሥራው ቀረ፤ እማዬ እጇ እስኪላጥ ድረስ ከእንጉዳይ ፋብሪካ ስትውል ኖረች። እማዬም፣ ጂንጁ ከራሷ ጥቅል የጎደላትን ለመሙላት ወስዳለች ብላ ደምድማ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረቻትም። ሠላሳ ሰባት ዓመት። ስሟን እንኳ አትጠራም፣ «ያቺ ማዶ ያለችው» ነው የምትላት።

እኔም ዝም አልኩ። በየመጽሐፌ ሰዎች ሲናዘዙ አስለቅሳለሁ፤ ራሴ ዝም።

ኦገስት 14

አሥራ አምስተኛው ቀን። እጄ ስለተቃጠለ ጽሑፌ ተንጋዷል።

ጠዋት ፀሐይ ወጣች። የወረቀት ቀሚሶቼ እንዲደርቁ በሩ አጠገብ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ቅያሱ ሙሉ ለመሥዋዕት ሽርጉድ ይላል፤ በየደጁ ጠረጴዛ፣ በየደጁ የብረት ማቃጠያ። እማዬ ዓሣውን፣ ዶሮውን፣ ደጎቹ ወንድሞች የሚታጠቡበትን ሳፋና ፎጣ ደረደረች። ማዶ አክስቴ ጂንጁ እንደ ሁልጊዜው ጀርባዋን ሰጥታን የራሷን ትደረድራለች። እኔ የተጠበሰ ዳክዬ ልገዛ ገበያ ሄድኩ።

ስመለስ እማዬ እሳቱን በዱላ ታገላብጣለች። ፊቷ በርቷል።

«ዘንድሮስ ጎበዝ ነሽ! የሴት የሴቱን መርጠሽ አመጣሽ። ደህና ወፍራም ወረቀት ነው፣ አነዳዱ ደስ ይላል።»

ጠረጴዛው ባዶ ነው።

የልብስ ወረቀት ግዢ ያለችኝን ረስቼዋለሁ። እሷ ደግሞ ገዝቼ ያስቀመጥኩላት መስሏታል። እጄን እሳቱ ውስጥ ከተትኩ፤ የያዝኩት አመድ ብቻ። የማልረሳው ግን እሱን አይደለም። ጮህኩባት። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣

«ዕውር ነሽ እንዴ? በእጅ የተሳለና የታተመ አትለዪም? ዕውር ነሽ?»

ዱላውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «የምንድነው?» አለች።

«የአሻንጉሊቶቼ ልብስ!»

«አሻንጉሊት... አንቺ?»

አክስቴ ጂንጁ ዞራ አየችን። ዞራ ስታየን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ኦገስት 15

ለየብቻ በላን። የሩዝ ገንፎዋን ስትቀዳ ከሳህኑ ውጭ ፈሰሰ። በጣቷ ዳሰሰችና በጨርቅ ጠረገችው። ቀና ብላ አየችኝ... ማለቴ ወዳለሁበት አካባቢ።

ከመቼ ጀምሮ ነው?

ኦገስት 17

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሞራ ነው፣ ሁለቱም ዓይኗ። «በትንሹ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አብሯት የሚኖር ሰው የለም?» አለ ሐኪሙ። እኔ ጎኗ ተቀምጫለሁ።

ስልሳ ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ስለ ዓይን ጻፍኩ። የእናቴን አላየሁም። አፈርኩ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ አለ፣ በቀዶ ጥገና ይገፈፍልሽ ቢላት፣ እማዬ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች።

«በዚህ ወር? ሰው በዚህ ወር አካሉን ለቢላ ይሰጣል? የደጎቹ ወንድሞች በር ሲዘጋ እመጣለሁ።»

አውቶቡስ ላይ፣ «ስለ ጮህኩብሽ ይቅርታ» አልኳት።

«ዕውር ነሽ ያልሽው እውነት ነው። ስለ ልብሶቹ ነው ያዘንኩት» አለች። «አዲስ ልሰፋልሽ አልችልም አሁን።»



ኦገስት 19

ምንም አልጻፍኩም። ፋንግ ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም።

ኦገስት 21

ቁርስ ላይ አደረግሁት። ሳላስብ፤ አስቤማ ሠላሳ ሰባት ዓመት አስቤበታለሁ። ቀይዋን ቀሚስ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ።

ቾፕስቲኳን አስቀምጣ በጣቶቿ አየቻት። አንገትጌውን፣ እጅጌውን፣ ከውስጥ በኩል ገልብጣ ስፌቱን።

«ይሄ የኔ እጅ ነው» አለች። «አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ እመልስ ነበር። ሌላ ማንም አይመልስም።»

«የዚያን ቀን የጎደለችው ናት እማዬ። እኔ ነኝ የወሰድኳት።»

ገንፎው ቀዘቀዘ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ እንዴት በቀለለኝ።

«ጂንጁ» አለች። ስሟን ከአፏ ስሰማው... ሌላ ሰው የተናገረው መሰለኝ።

ከዚያ ተነሳች። «ሰማያዊውን ሸሚዜን አምጪ። ክንዴን ይዘሽ አሻግሪኝ።»

«አሁን?»

«መቼ ላድርገው? ስሞት?»

ኦገስት 22

ትናንት መጨረስ አቅቶኝ ነው የተውኩት።

አክስቴ ጂንጁ ደጃፏ ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። እማዬ በሰላምታ እንኳ አልጀመረችም።

«ልጄ ናት የወሰደችው። አንቺ አይደለሽም። በድዬሻለሁ።»

አክስቴ ጂንጁ አፏን ከፍታ ቀረች። «እኔን... እኔን ነበር የጠረጠርሽው?»

«ማንን ልጠርጥር ታዲያ?»

«እኔ እኮ ዩሜይ መስላኝ! ልጄ ቤትሽን አፈረሰች ብዬ አፍሬ ነው ቀና ብዬ ያላየሁሽ። ምን ፊት ይዤ ላናግርሽ?»

ሁለቱ ፊት ለፊት እንዲህ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። አንዷ ተቀይማ፣ አንዷ አፍራ።

ከዚያ አክስቴ ጂንጁ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር፤ እሱ ነው የባሰው።

«በቀርከሃ ነው የገረፍኳት። አልወሰድኩም አለችኝ። ዋሽተሽ ደግሞ ብዬ ጨመርኩላት። ሦስት ቀን መቀመጥ አቃታት።»

«ልጅ ነበረች እኮ» አለች እማዬ ስለ እኔ። «ዘጠኝ ዓመቷ።»

«ዩሜይም ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።»



እኔ እኮ ዩሜይ ከዚያ በኋላ ለምን አትጫወቺም እንዳለችኝ አስታውሳለሁ። ከመስኮት ሆኜ «የቤት ሥራ አለብኝ» አልኳት። መገረፏን ግን አላውቅም ነበር... አላውቅም ነበር? ጩኸቱ የስምንት እርምጃ ቅያስ ተሻግሮ አይሰማም? ሰምቻለሁ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።

አክስቴ ጂንጁ የዩሜይን ስልክ ቁጥር በካሌንደር ቁራጭ ላይ ጻፈችልኝ። ካኦሺዮንግ ከተማ ነው የምትኖረው። «አንቺው ደውዪላት። እኔ የማወራበት አፍ የለኝም።»

ክንዷን ይዤ ልመልሳት ስል፣ እማዬ «ሂጂ አንቺ» አለችኝና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ባቄላ ለመፈልፈል ዓይን አያስፈልግም።

ኦገስት 24

አልደወልኩም።

ኦገስት 26

ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ዘጋሁት። የኔ መጽሐፍ ቢሆን ይሄኔ ዝናብ ይዘንባል፣ እሮጣለሁ፣ ታቅፈኛለች፣ ምዕራፍ አሥር ያልቃል። አንባቢዎቼን ስንት ዘመን ነው የዋሸኋቸው?

ኦገስት 28

የሙታን በር ዛሬ ተዘጋ። የእማዬ ቀጠሮ ለአርብ ተቆረጠ። ማዶ ሄዳ ለአክስቴ ጂንጁ ነገረቻት፣ ከዚያ ለእኔ። ሁለተኛ ሆኛለሁ ማለት ነው። ይሁን።

ኦገስት 30

ለፋንግ ነገርኳት። ነገ አይደርስም። ምናልባት ከነጭራሹ አይደርስም።

«ታመምሽ እንዴ እህቴ?»

«አይ፣ ደክሞኝ ነው። ረጅም ድካም ነው። ሲወጣልኝ የምጽፍ ከሆነ ሌላ ነገር እጽፋለሁ።»

«ሌላ ምን?»

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። ወረቀቶቹ ሲነዱ የምጽፈው ሁሉ አብሮ የነደደ መስሎኝ ነበር። እንጃ። ከነዱ ወዲህ በየሁለት ቀኑ እየጻፍኩ ነው፣ እዚህ።

ከሰዓት በኋላ ለዩሜይ ደወልኩ። በቶሎ አነሳችው። ከኋላዋ የሚጠበስ ነገር ይንጫጫል።

«ሺያ ነኝ። ቢሺያ... ከዩዋንሊን።»

«እማዬ ሞተች?»

«አይ! ደህና ናት። ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ።»

«ከማን ጋር?» አለች። ምድጃውን አጠፋችው።

ነገርኳት። ሁሉንም። ቀሚሷን፣ መስኮቱን፣ ሬዲዮኑንም። ትንፋሿ ይሰማኛል። ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «አልወሰድኩም ብዬ ብዬ ሲሰለቸኝ፣ ወስጄ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን እጠይቅ ነበር። ሕልሜ ላይ ሳይቀር እፈልጋት ነበር።»

«ይቅርታ» አልኩ። ስልሳ ሦስት መጽሐፍ፣ በየመጨረሻው ይህች ቃል አለች። እንዲህ ትንሽ መሆኗን አላውቅም ነበር።

«ምን ትመስል ነበር?»

«ምኗ?»

«ቀሚሷ። ተገርፌባት አይቻት አላውቅም እኮ።»

«ቀይ ናት» አልኩ። ሌላ ቃል ጠፋኝ። «አንገትጌዋ ነጭ። በጣም ትንሽ ናት ዩሜይ... አውራ ጣት ታህላለች።»

«አሁንም አለች?»

«አለች።»

ከዚያ ዩሜይ፣ ያቺ የዱሮዋ ዩሜይ፣ በጨዋታ ስትሸነፍ በምታወጣው ድምፅ፣

«ዱላውን የበላሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የኔ ናት። ላኪልኝ።»

አድራሻዋን ሁለት ጊዜ አስደግሜ ጻፍኩ።