ለብቻ የተለየው የአባዬ ብርጭቆ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» እያልክ ትሸፋፍናለህ? ብርዱስ? ሥራውስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ተመስገን ነው። ሁላችንም ደህና ነን እንዳልልህ ግን የአባዬ ነገር አለ። በስልክ ልነግርህ እያልኩ አፌ ስለሚያያዝብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አባዬ ፀጉር ቤቱን መዝጋቱን ሰምተሃል። ደክሞት አይደለም። አንዱን ደንበኛውን አስተካክሎ ከሸኘው በኋላ ወዲያው ጠርቶ «ና ተቀመጥ፣ ተራህ ደርሷል» አለው። ሰውየው ስቆ ተቀመጠለት፤ ኋላ ግን ቤት ድረስ መጥቶ ለእማዬ በጆሮዋ ነገራት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ቀኑ ምን እንደሆነ ቢጠይቀው ትንሽ አሰበና «እሱን ተወው ልጄ፤ ማጅራትህን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው? ነገ ብቅ በልና ላስተካክልልህ» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ነው ቀኑን እንዳልመለሰ የገባን።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን ረጋ ብሎ አስረዳን። በአንጎል ሴል ውስጥ ሴሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያግዝ ፕሮቲን አለ። በዚህ በሽታ ቅርጹ ይበላሽና እርስ በርሱ ይተበተባል። የተበላሸውም እዚያው አይቀርም፤ ሴሎቹ በሚገናኙበት በኩል አልፎ ጎረቤቱ ዘንድ ይገባል፣ የጎረቤቱንም ደህና ፕሮቲን እንደ ራሱ ያጣምመዋል። እንዲህ እያለ ይዛመታል። ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የምንይዝበትን ቦታ ስለሆነ ነው አባዬ ቁርሱን ረስቶ የልጅነቱን የሚያወራው። መድኃኒት አዘዘለት፤ «ያግዛቸዋል እንጂ አያድናቸውም» ብሎ ግን አልሸሸገንም።

አክስታችን አብራን ነበረች። እንደምታውቃት ከረጅም ወሬ የምትይዘው አንድ ቃል ነው፤ የያዘችውም «ይዛመታል» የሚለውን ነው። ቤት እንደገባን የአባዬን ብርጭቆና ሰሃን ለየች። ልጆቼንም «አያታችሁን እንዳትስሙ» አለቻቸው። ከሥራ ስመለስ አባዬ ልጆቹ ካሉበት ክፍል በር ላይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሟል። «ምን አጥፍቼ ነው የሚሸሹኝ?» አለኝ። ጋሼ፣ ያን ቀን የእኔ ስም እንኳ ጠፍቶበት ነበር፤ ይህን ግን ልብ ብሏል።

እማዬ ሰማች። ከኩሽና ወጥታ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችና የተረፈውን ሻይ ጥርግ አድርጋ ጠጣችው። ከዚያ ወደ አክስታችን ዞራ «ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው በልቼ ጠጥቼ፣ ዛሬ ነው የምጠየፈው?» አለቻት። በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ደውዬ ስልኩን ለአክስታችን ሰጠኋት። የሚዛመተው በራሱ አንጎል ውስጥ ከሴል ወደ ሴል እንጂ፣ አብሮ በመብላትና በመሳሳም ወደ ሌላ ሰው እንደማይሄድ ነገራት። መግቢያ አጣች። አሁን ከሁላችንም በላይ አባዬን የምትስመው እሷ ናት፤ እሱም «ይህች ሴትዮ ምን ነካት?» ይላል።

አንተን አልረሳህም፤ የተምታታበት ዕድሜህ ነው። ከሰዓት በኋላ ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ይቆማል፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሊቀበልህ። መጀመሪያ ሰሞን «አባዬ፣ ጋሼ እኮ ትልቅ ሰው ሆኖ ባሕር ማዶ ሄዷል» እለው ነበር። በነገርኩት ቁጥር እንደ አዲስ ይደነግጣል። «ሳልሰናበተው?» ብሎ ያለቅሳል። ስለዚህ አሁን «መንገድ ላይ ነው» እለዋለሁ። ሥራህ እንደማይለቅህ አውቃለሁ። ብቻ ፊትህን የሚለይበት ጊዜ እያጠረ ነው። እንደምንም ብለህ ና፤ ውሸታም አታድርገኝ።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች፤ «ይብላ፣ ይተኛ» ብላለች። አክስታችን ጉዷን እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ፣ እሷም ናፍቃሃለች። ልጆቼ «አጎታችን ድምፅ ብቻ ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ሰላም ብለውሃል። አባዬ ሰላምታ አልላከም። «ለጋሼ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልህ?» ስለው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «አሁን ይመጣ የለ እንዴ? ራሴ እነግረዋለሁ» አለኝ።

ናፋቂህ እህትህ
ከቤታችን፣ ከበሩ አጠገብ
ጥቅምት ፲፱ ቀን