ታንኳው ለስንት ሰው ይጠረብ?

ሲቶያ መንደር፣ ሊያምባይ ወንዝ ዳር
ዲሴምበር 3 ቀን 1984

ለውዱ የሊስዋኒሶ አባት፣ ለሙኬላባይ፤

እንደ ወትሮዬ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ በአንድ ቃል ላልፈው ነበር። ዛሬ ግን አላስቻለኝም፤ አንድ በአንድ ልጥራልህ። ሊስዋኒሶ ደህና ነው። ፑሙሎ ደህና ነው። ኖሲኩ ደህና ናት። እኔም አለሁ። እንግዲህ ይህን ካወቅህ ቁጭ ብለህ አንብበኝ፤ ረጅም ነው።

የምጽፍልህ ስለ ታንኳ ነው። የድሮው ታንኳችን ሆዱ ተሰንጥቆ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። ጋሽ ሲኮታ ከጫካው ዳር ዛፍ ጥለው፣ ቅርፊቱን ልጠው፣ አዲስ ሊጠርቡልን ተነስተዋል። መጥረቢያቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ግን መጡና «አንቺ ልጅ፣ ለስንት ሰው ላድርገው?» አሉኝ። ቀላል ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አፌ ላይ ቀረ። የዓመቱ ጎርፍ ሳይመጣ መጨረስ አለባቸው፤ አለዚያ ጎረቤቶቻችን አምና እንዳደረጉት እኛም ሰው እየተለማመጥን በሰው ታንኳ ነው ወደ ደጋው የምንወጣው። አራት ልበላቸው ወይስ አምስት? ብዕር ያነሳሁት ይህን ልጠይቅህ ነው።

የድሮው ታንኳ ሲጠረብ የሆነውን ረስተኸዋል? እኔ ገና በሙሽርነት ወደ መንደርህ ባልመጣም ሰው ሁሉ ስላወራው እንዳየሁት ነው የማስታውሰው። ጋሽ ሲኮታ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀመጡህና ስትነሳ የቀረውን ጎድጓዳ በስንዝር ለኩት። መንደሩ በሙሉ ከቦ ይስቅ ነበር። አንዱ «እዚህ ጉማሬ አድሮ ነው እንዴ የሄደው?» አለ አሉ። አንተም አልተናደድክም፤ «ጉማሬ ሰምጦ አያውቅም» ብለህ አሸዋህን አራግፈህ ሄድክ። በዚያ ልክ ነው የታንኳው ጭራ ሰፊና ከፍ ያለ ሆኖ የተጠረበው። አንተ ካልቆምክበት ውኃ ላይ አይረጋም ነበር።

በዚያ ታንኳ መጥተህ ወሰድከኝ። ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆኖ፣ የእኛ ጉብታ ብቻ ብቅ ብላ። አባቴ ከሩቅ አይቶህ «ልጄን የሚወስዳት ሰው ነው ወይስ ጭነት ነው?» አለ፤ እናቴ አፉን ያዘችው። እኔን ከፊት አስቀመጥከኝና አንተ ከኋላዬ ቆመህ ቀዘፍክ። ዞር ብዬ እንዳላይህ አፈርኩ፤ ታንኳውም እንዳይናወጥ ፈራሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ ፊትህን ሳላይ ዘፈንህን ብቻ ስሰማ ነው የተጓዝነው። ያገባሁት ድምፅህን ነው ብል አልዋሸሁም። አሁንም አንዳንዴ ከኋላዬ መቅዘፊያ ሲመታ ያው ዘፈን የሚቀጥል ይመስለኛል።

ሊስዋኒሶን የገለበጥክበት ቀንማ እንዴት ይረሳል! አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ደረት የማይደርስ ውኃ ላይ ወስደህ «ታንኳ ማለት የምትራገጥ ላም ናት፤ ስትጥልህ ትተሃት አትሂድ፣ ቀንዷን ያዝ» አልከውና ሳይዘጋጅ ገለበጥከው። ብቅ ሲል «ኧረ የሰው ያለህ! አባቴ ሊገድለኝ ነው!» ብሎ መንደሩን ጠራ። እኔ ማማሰያዬን ወረወርኩብህ። ልጁ ግን ታንኳውን እንደያዘ ነበር። እንባው ሳይደርቅ «አባዬ፣ ድገመኝ» አለህ። ስትስቅ ታየኛለህ። ፑሙሎንም ጊዜው ሲደርስ እንዲሁ አደረግከው፤ እሱ እንኳ አላለቀሰም፣ ሰደበህ እንጂ።

ኖሲኩን የገለበጣት ሰው አልነበረም። አንተ ማዕድን ልትቆፍር ወደ ኪትዌ ስትሄድ ጡቴ ላይ ነበረች።

አሁን ስለ ጆንያው ልንገርህ፤ በደብዳቤ ነግሬህ አላውቅም። አንተ ከሄድክ በኋላ ታንኳው አስቸገረን። እኔ ከኋላ ቆሜ ብቀዝፍም ጭራው ከውኃው እየተነሳ ነፋስ ባሻው ያዞረን ነበር። ለጋሽ ሲኮታ ብነግራቸው «ባልሽን ነው የጠረብኩት፤ ባልሽ ከሌለ ክብደቱን አምጪ» አሉኝ። አንድ ጆንያ አሸዋ ሞልተን አፉን ሰፍተን ከኋላ አስቀመጥነው፤ ታንኳው ቀጥ አለ። ፑሙሎን ታውቀዋለህ፣ ዝም ብሎ አያልፍም። ጥለኸው የሄድከውን ቡናማ ኮት አምጥቶ ጆንያውን አለበሰውና «እንደምን አደርክ አባዬ?» አለው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ስሙ «አባዬ» ሆኖ ቀረ። የሚያልፉ ቀዛፊዎች ሳይቀሩ «ሙኬላባይ፣ ምነው ከሳህ? ሚስትህ አታበላህም?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ለእኛ ቀልድ ነበር። ኖሲኩ ግን አንተን በሌላ አላወቀችም። ጀርባዋን ለጆንያው ሰጥታ፣ እጅጌህን በአንገቷ ዙሪያ አድርጋ ነው ያደገችው። ስለ ጓደኞቿ ትነግረዋለች። ዓሣ ከተጠበሰ ትንሽ ትቆርስለታለች። ወደ ጥልቁ ስንገባ ፑሙሎ «ኖሲኩ፣ አባዬን ያዢ!» ይላታል፤ እሷም ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች።

ሊስዋኒሶ አሁን ታንኳ ሲገባ ታንኳው እንዳንተ ዘመን አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል። ኮትህንም አንድ ቀን ቢለካው እጅጌው አጠረው። በዚህ ዓመት የኋላውን ቦታ ከእኔ ተረከበ። እሱም ጆንያውም አንድ ላይ ሲሆኑ የታንኳው ከንፈር ከውኃው ሊተካከል ምንም አልቀረው። «እማ፣ እኔ እበቃለሁ፤ ይሄን ጆንያ እናውጣው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ኖሲኩ ግን ጆንያው ላይ ተጠምጥማ «አባዬን አትጥሉት!» ብላ እሪ አለች። እስኪ ትንሽ ትደግ ብዬ ተውኩት።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከማዶ ገበያ ስንመለስ ነፋሱ ድንገት ከኋላችን ተነሳ። ሊስዋኒሶ ቆሞ ይቀዝፋል፤ ከእግሩ ሥር ጆንያው፣ ከዚያ ኖሲኩ፣ መሐል ፑሙሎ ከዱቄቱ ጋር፣ ከፊት እኔ ነበርን። ጥልቁ ላይ ስንደርስ አንድ ማዕበል በጭራው በኩል ገባ። ሊስዋኒሶ «ቁጭ በሉ! እንዳትነሱ!» ሲል ሰማሁት። ሁለተኛው ማዕበል ሲመጣ ታንኳው ወደ ጎን ተኛ፤ ከዚያ ውኃ ብቻ ሆነ።

ብቅ ስል ያየሁት የታንኳውን ሆድ ነው። ዋና እንደማልችል ታውቃለህ፤ ተንጠላጠልኩበት። ሊስዋኒሶ ጮኸ።

«ፑሙሎ!»

«አለሁ! ዱቄቱ ግን ሄደ!»

«እማ!»

«አለሁ ልጄ!»

«ኖሲኩ!»

መልስ የለም። ደግሞ ጠራት። ፑሙሎ ፊቱ አመድ መስሎ አየኝና «እማ፣ እኔ እኮ አባዬን ያዢ አልኳት» አለ።

ሙኬላባይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ልጽፍልህ አልችልም። ሊስዋኒሶ ጠለቀ። ባዶ እጁን ወጣ። ደግሞ ጠለቀ፤ ቆየ፤ እሱንም ያጣሁት መሰለኝ። ከዚያ ጭንቅላቱ ብቅ አለ፤ በአንድ ክንዱ ልጅቷን ይዟታል። ኋላ እንደነገረኝ ከሥር ያገኛት የኮቱን አንገት በሁለት እጇ ጨብጣ ነው። ሊያላቅቃት ሲታገል ነክሳዋለች። የጥርሷ ምልክት እጁ ላይ አለ።

ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ጉቶ የበዛበት ዳር ላይ ጣለን፤ ታንኳው የተሰነጠቀውም እዚያ ነው። ልጅቷን በግንባሯ ደፍተን ጀርባዋን መታናት፤ ውኃውን ሁሉ አወጣች። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እኔን አልነበረም፤ ወንዙን ነው። «አባዬን ትታችሁት መጣችሁ» አለች። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ፤ ደረቴ ላይ አጥብቄ አቀፍኳት።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አለች። ገንፎውን በእርጎ አድርጌ ብሰጣት ሳህኑን ይዛ ወንዝ ዳር ትሄዳለች። ሊስዋኒሶ ትዕግሥቱ አልቆ «ጆንያ ነው እኮ! አሸዋ ነው!» ቢላት «አሸዋ አንተ ነህ!» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና «እማ፣ የኪትዌው አባዬ ሲገለበጥ ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል?» አለችኝ። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ተገልብጦ አይቼው አላውቅም» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ትናንት የጎረቤት ታንኳ ለመንኩና ኖሲኩን ይዤ ደረት የማይደርስ ውኃ ላይ ገባሁ። ስለ ላሟም ስለ ቀንዷም እንዳንተ አድርጌ ለመናገር ሞከርኩ፤ አላማረብኝም። «የሚሰምጠውን አትያዢ፤ የሚንሳፈፈውን ያዢ» አልኳት፣ በቃ። ከዚያ ገለበጥኳት። ብቅ ስትል ታንኳውን ይዛ ነበር፤ በቁጣ አየችኝ፤ ያቺ ቁጣ ያንተ ናት። «ድገሚኝ» አላለችም። ቤት ስንገባ ግን ገንፎዋን ጨርሳ በላች።

እንግዲህ ስላንተ ጥቂት ልበል። ከኪትዌ የመጣው የመንደራችን ሰው ደህና መሆንህን ነግሮኛል። ደስ ብሎኛል። ሸሚዝህ ጥሩ ተተኩሶ፣ አንገትጌው ቀጥ ብሎ እንዳየህ አጫወተኝ። አንተ ካውያ እንዴት እንደሚያዝ የማታውቅ ሰው ነህ፤ ቢሆንም ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። ልጆቹ አጠገቤ ነበሩ። «ሸሚዝ መተኮስማ ሥራ ነው፣ የተኮሰው ይባረክ» ብዬ የሚጨሰውን ምድጃዬን ማራገብ ቀጠልኩ። አምስት ዓመት «በሚመጣው ጎርፍ» እያልክ ስትጽፍልኝ እኔም ጎርፉን ሳይሆን አንተን ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ናፍቀኸኛል። ይህን ብጽፈው ከክብሬ የሚጎድል የለም፤ እናም ጻፍኩት።

እዚህ ላይ እንዳለሁ ጋሽ ሲኮታ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ደጃፍ ቆሙ።

«እህስ? ዛፉ እየደረቀብኝ ነው። ስንት?»

«አራት፣ ጋሽ ሲኮታ» አልኳቸው። ሳላስበው ወጣ፤ ሳስበውም ያው ነው።

«እሱ ቢመጣስ?»

«ለአምስት የተጠረበ ታንኳ አራት ሰው ሲጭን የአሸዋ ጆንያ ይፈልጋል። እኔ ዳግመኛ ጆንያ አልጭንም።»

«በይ እሺ፣ ልጆቹን ላኪያቸው፣ አሸዋ ላይ ልለካቸው» ብለው ሄዱ። አሁን ከውጭ የፑሙሎ ሳቅ ይሰማኛል፤ የኖሲኩን መቀመጫ ሲለኩ «እንቁላል የተጣለበት ይመስላል» እያለ ያበሽቃታል። እሷም አልቻለችም፣ ትስቃለች።

ስለዚህ ልጠይቅህ የጀመርኩትን ጥያቄ ራሴ መለስኩት፤ ስለ ስንት ሰው አትጻፍልኝ። ጉልበትህን ይጠብቅልህ። ከምድር በታች ስትወርድ የወረድክበት መንገድ መውጫ ይሁንህ። ልጆችህ እጅህን ይስማሉ፤ ሊስዋኒሶ ከእንግዲህ መሳሙ ያሳፍረዋልና በሩቅ እጅ ይነሳሃል።

ቦታ የለህም ማለቴ ደግሞ አይደለም። በዚህ ጎርፍ ከመጣህ አንተና ልጆቹ አራት ናችሁ፣ ታንኳው ይበቃችኋል። እነሱን አስቀድመህ ወደ ደጋው አሻግራቸው። እኔ ጉብታው ላይ ቀርቼ እጠብቅሃለሁ። ከእኔ ተለይተህ ስትሄድ ማየት ለምጄዋለሁ፤ ባዶውን ታንኳ እየቀዘፍክ እኔን ልትወስድ ስትመለስ ነው ማየት የምፈልገው።

የልጆችህ እናት
ናማካው