ድሃ ለመሆን ስድስት ወር

ማርች 4
ዛሬም አንዱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተበላሽቶ ዋለ። የምሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ በሙሉ በቀረው ማሽን አጠብኩ። አለቃዬ ዴልበርት "ሎሬታ፣ ቅዳሜም ትገቢያለሽ አይደል?" አለኝ። እሺ አልኩ። ከኦክቶበር ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አላረፍኩም።
ቤት ስገባ ባሌ ዌንዴል ሾርባ አሙቆ ጠበቀኝ። ምድጃው ጋ መቆሙ ብቻ ትንፋሹን ቆርጦታል። ሠላሳ ዓመት መስታወት ፋብሪካ ሠርቶ ሳንባውን እዚያው ትቶት ወጣ።

ማርች 11
ጠበቃ ጋ ሄድን። ሃይዲ ብራንትነር ትባላለች። ልጅ እግር ናት፣ ግን ረጋ ብላ ነው የምታስረዳው። የዌንዴል የሆስፒታል ዕዳ ከቤታችን ዋጋ በልጧል። ሁለታችንም ፈርመንበታል። በፍርድ ቤት ኪሳራ አውጀን ዕዳው ይሰረዝልን ብለን ነበር። የደሞዝ ወረቀቶቼን አገላበጠች፣ ደመረች...
"ትንሽ በዝቷል" አለች።
"ዕዳው?"
"ገቢዎ።"
ሳቅ አመለጠኝ። ገቢሽ በዝቷል ያለኝ ሰው በሕይወቴ የለም።
ሕጉ ያለፉትን ስድስት ወራት ገቢ ነው አሉ የሚያየው። እዚህ ኦሃዮ ሁለት ሰው ላለበት ቤት ከተቀመጠው ልክ ካነሰ ዕዳው ይሰረዛል። ካለፈና ከወጪ የሚተርፍ ነገር ካለ ግን አምስት ዓመት መክፈል ነው። የዌንዴል የመንግሥት ጡረታ አይቆጠርም። ልኩን ያሳለፉኝ ቅዳሜዎቼ ናቸው። ዕዳውን ልክፈል ብዬ የሠራኋቸው!
"ባለቤትዎን የሚያስታምም ሰው ያስፈልጋል" አለች ሃይዲ። "የቅዳሜውን ኦቨርታይም ይተዉት። ሴፕቴምበር ላይ እናመለክታለን።"
መኪና ውስጥ ዌንዴል "ለኔ ሐኪም መድኃኒት ያዛል፣ ላንቺ ደግሞ ጠበቃ ስንፍና አዘዘችልሽ" አለ።

ማርች 14
ቅዳሜ እንደማልገባ ለዴልበርት ነገርኩት። "ምን ነካሽ?" አለ።
"ባሌን ላስታምም ነው።"
እውነት ነው። ታዲያ ለምን አፈርኩ?

ኤፕሪል 20
ቅዳሜ። ምንም አልሠራሁም። በረንዳው ላይ ቤዝቦል በሬዲዮ ሰማን። ቡድናችን ተሸነፈ። ዌንዴል ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ክንዴ ደነዘዘ፣ አልነቃነቅኩትም።

ሜይ 30
ዕዳ ሰብሳቢዎቹ ዛሬ ስድስት ጊዜ ደወሉ። ስድስተኛውን ዌንዴል ተሽቀዳድሞ አነሳው።
"ሎሬታ የለችም። ድሃ ልትሆን ወጥታለች። ሲሳካላት ትደውልልሃለች።"
በሳህን መወልወያው ጨርቅ መታሁት። ሳቅን፣ ሳቅን... ከዚያ ሳሉ መጣ። አልቆም አለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ።

ጁላይ 18
ወንዙ ዳር ወሰድኩት። የኦክስጅን ሲሊንደሩን እኔ ጎተትኩ።
"ሎሬታ፣ እነዚህን ወራት በሙሉ አየሁሽ እኮ" አለኝ።
"ምን ማለት ነው?"
"ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ወይ አንቺ ሥራ ነሽ ወይ እኔ። ፊትሽን በቀን ብርሃን ይህን ያህል አላውቀውም ነበር።"
አፍንጫው ላይ ያለውን ቱቦ አስተካከልኩለት።

ኦገስት 27
ዌንዴል ዛሬ ጠዋት አረፈ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር።

ሴፕቴምበር 2
ቀበርነው። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፓስታና ድንች በየትሪው አመጡ። ማን ይበላዋል?

ሴፕቴምበር 12
ሃይዲ ጋ ሄድኩ። ዛሬ ነበር የምናመለክተው። ስድስቱ ወር ሞልቷል፣ ገቢዬም ከልኩ ወርዷል። ፊቷን ሳየው ግን ገባኝ።
"ሕጉ የሚያየው በምናመለክትበት ቀን ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ቁጥር ነው" አለች። "ለአንድ ሰው ልኩ ዝቅ ያለ ነው፤ ደሞዝዎ ያልፈዋል።"
"ስንት ቀን ዘገየን?"
"እሱን አያስቡ።"
"ንገሪኝ።"
"አሥራ ስድስት።"
የመድኃኒቱ ወጪም ቀርቷል፣ ሆስፒታል የምንመላለስበት ነዳጅም። ስለዚህ ተርፎኛል።
"እና ባሌ ሲሞት ሀብታም ሆንኩ?"
መነጽሯን አወለቀች። "በወረቀት... አዎ።" ከዚያ ግማሽ ቀን ብቻ እየሠራሁ እንደገና ስድስት ወር ብጠብቅ ሊሞከር እንደሚችል ነገረችኝ።
"ለማን ብዬ ቤት ልቀመጥ?" አልኳት።
አለቀሰች። እኔ ነኝ ያጽናናኋት።

ኦክቶበር 3
የአምስት ዓመቱን ክፍያ ፈረምኩ። ሲያልቅ ስልሳ ሦስት ይሞላኛል።

ሴፕቴምበር ላይ እናመለክታለን ብለን ሕይወቱን በቀን መቁጠሪያ ላይ ቀጥረንለት ነበር? ለኔ ሲል ሊቆይ የታገለ ይመስለኛል። ኦገስት መጨረሻ ላይ "ስንት ቀን ቀረ?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ስለ ማመልከቻው የሚጠይቅ መስሎኝ ቀኑን እነግረው ነበር...

ኖቬምበር 8
የኪሳራ ጉዳዬን እንዲያይ የተሾመው ሰው ፊት ቀረብኩ። ሽማግሌ ነው፣ ጨዋ። ቀኝ እጄን አንስቼ እውነቱን ልናገር ማልኩ። ስም? ነገርኩት። አድራሻ? ነገርኩት።
"ባለትዳር ነዎት?"
"አዎ" አልኩ።
ሃይዲ ክርኔን ነካችኝ። ከማልኩ አንድ ደቂቃ አልሞላኝም።
"ይቅርታ" አልኩ። "ነበርኩ።"
"ችግር የለም እመቤቴ፣ ጊዜዎን ይውሰዱ" አለኝ። ቅጹ ላይ የጻፈውን ሰረዘና ከላዩ "ባሏ የሞተባት" ብሎ ጻፈ። ቦታው ጠቦት መጨረሻውን ከመስመሩ ውጭ ጨረሰው።